የገራዡ ይቅርታ

ዶክተር ያምሮት ቢሰጥ አዲስ አበባ የሕክምና ጄኔቲክስ ተምራ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትመለስ፣ ሆስፒታሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጣት። በሩ ላይ «በዘር ለሚተላለፉ በሽታዎች የምክር አገልግሎት» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱን የለጠፈው ሰው ክፋት አልነበረበትም፤ የጎጃምን እናት ግን አያውቃትም። ልጇን ልትድር ያሰበች እናት እንዲህ ተብሎ በተጻፈበት በር ስትገባ ከምትታይ ገበያ መሃል ነጠላዋን ብትጥል ይቀላታል። በመጀመሪያው ወር ወደ ክፍሉ የገቡት ኤክስሬይ የሚፈልጉና መንገድ የጠፋባቸው ብቻ ነበሩ። ያምሮት ነገሩ ገባትና ወረቀቱን ገንጥላ ስሟን ብቻ ጻፈች። ያኔ እናቶቹ «ጨጓራዬን ነው» እያሉ ይመጡ ጀመር። ጨጓራው ታይቶ ካለቀ በኋላ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው፣ ዘወር ይሉና፣ «እንዲያው አንድ ልጅ ነበረን…» ይላሉ። እውነተኛው ሕመም የሚነገረው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ነገር አንዳንድ ቀን ያስቃታል። ብዙውን ቀን ግን አያስቃትም፤ እሷም ራሷ እንደነዚያ እናቶች ናትና።

አባቷ አቶ ቢሰጥ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር በርበሬና በቆሎ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። እናቷ ወይዘሮ ሸጋዬ ይባላሉ። ከያምሮት በፊት አንድ ወንድ ልጅ ተወልዶላቸው ነበር። እንደ ወጉ በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፤ ደሙ አልቆም አለና በማግስቱ ሞተ። የገረዙት አቶ ሙሉሰው የሚባሉ፣ የአገሩን ወንድ ልጅ ሁሉ የገረዙ፣ እጃቸው የተመሰገነ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ ማንም ጣቱን አልቀሰረባቸውም። የእግዜር ሥራ ነው ተባለ፤ ተለቀሰ፤ ታለፈ። ከዚያ ያምሮት ተወለደች። ከሷ በኋላ ደግሞ ሌላ ወንድ ልጅ መጣ። እሱንም አቶ ሙሉሰው ገረዙት፤ እሱም ደሙ ፈሶ አለቀ።

ያምሮት ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ጠመንጃቸውን ከምሰሶው ሲያወርዱ፣ ጎረቤቱ ግር ብሎ ሲገባ፣ እናቷ መሬት ላይ ሲንከባለሉ ትዝ ይላታል። ሽማግሌ መሃል ባይገባ ኖሮ አንድ ሰው ይሞት ነበር። አቶ ሙሉሰው ቤታቸውንም መሬታቸውንም ጥለው ወደ ሚስታቸው አገር፣ ወደ ፈረስ ቤት ሸሹ። ምላጭ የሚባል ነገር ዳግመኛ በእጃቸው አልያዙም። ቢሆንም «ልጅ አራጁ» የሚለው ስም ተከትሏቸው ሄደ፤ እሳቸው ላይ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር፤ ለልጆቻቸውም ተረፈ። በያምሮት ቤት የሙሉሰው ስም የሚነሣው ለእርግማን ብቻ ነበር። ወይዘሮ ሸጋዬ የማለዳ ጸሎታቸውን የሚጨርሱት እሳቸውን ረግመው ነው።

ያምሮት አድጋ ሐኪም ሆነች። ሕክምና ስትማር ስለ ሄሞፊሊያ በደንብ ተምራለች፤ ደም እንደሚገባው የማይረጋበት በሽታ ነው፤ እናት ሳያማት ተሸክማ ትኖርና ለወንድ ልጇ ታወርሰዋለች። ይህን ሁሉ ሸምድዳ ፈተናውን ደፍናለች። ከገዛ ቤቷ ጋር ግን አንድም ቀን አላያያዘችውም። እንዴት ብላ ታያይዘው? በሷ ቤት የወንድሞቿ ሞት በሽታ አልነበረም። ስምና አገር ያለው ሰው የሠራው ግፍ ነበር። ገዳዩ ከታወቀ ወዲያ ሞቱን ማን ይመረምራል?

ነገሩ የተገለጠላት ለድኅረ ምረቃ አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሕፃናት ሐኪሞች፣ አንድ የማህፀን ሐኪምና ከላቦራቶሪ የመጡ ተመራማሪዎች ነበሩ። አንዴ መንገድ ተዘግቶ ቡሬ ላይ ስትቀር፣ ሌላ ጊዜ ኔትወርክ ጠፍቶ ትምህርት ሲያመልጣት፣ እንደምንም ብላ የደረሰችበት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ልምምድ የቤተሰብን የዘር ሐረግ መሣል ነበር። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፣ የሞተ ደግሞ በሰያፍ ይሰረዛል። ሁሉም የራሱን ቤተሰብ እንዲሥል ታዘዘ። ያምሮት የሁለቱን ወንድሞቿን ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ሣለችና ሰረዘቻቸው። ቀጥላ የእናቷን ወንድም አስገባች። እሱም በሕፃንነቱ፣ በግርዛቱ ሰሞን ነው የሞተው ሲባል ሰምታለች፤ እሱንም ሰረዘችው። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ። ያ ልጅ የሞተው ሌላ አገር፣ በሌላ ገራዥ እጅ ነው። ሙሉሰው በዓይናቸውም አላዩት።

መምህሯ በዚያ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ይሄ ቤተሰብ የማን ነው?» አሉ።

«የአንድ ታካሚዬ ነው» አለች ያምሮት። ሁሉም የራሱን ሲሥል እሷ ብቻ የታካሚ ሣልሁ ማለቷ ያስጠይቅ ነበር፤ መምህሯ ግን አልጠየቁም።

መምህሯ ለምርምራቸው ደም ወደ ውጭ አገር እየላኩ የሚያስመረምሩበት መንገድ ነበራቸው። ያምሮት የራሷን ሰጠች። የእናቷን ልትወስድ ወደ ቡሬ ስትሄድ፣ ልጆቹ የሞቱበትን ምክንያት ለማወቅ መሆኑን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሸጋዬ ክንዳቸውን በደስታ ነው የዘረጉት። «መርምሪው ልጀ! ምላጩ ላይ መርዝ አድርጎም እንደሆን ይታወቅ» አሉ። ልጃቸው ሰውየውን ልታስፈርድበት የመጣች ነበር የመሰላቸው።

ውጤቱ መጣ። እናቲቱ ተሸካሚ ናቸው። ያምሮትም ተሸካሚ ናት።

በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ ክርክር ተደርጎ ነበር። ጥያቄው፣ እናት የምርመራ ውጤቷ ለልጇ እንዳይነገር ብትከለክል ሐኪሙ ምን ያድርግ? የሚል ነው። ያምሮት፣ ምስጢሩ የእናትየዋ ነው፣ ሐኪሙ ይለምናታል፣ ያስረዳታል፣ ያለ ፈቃዷ ግን አፉን አይከፍትም ብላ ተከራከረች። አሳምራ ስለተናገረች ተጨበጨበላት። የተናገረችውንም ከልቧ ታምንበት ነበር። ለነገሩ ያን ዕለት ለእናቷ ገና አልነገረችም።

የነገረቻቸው ለበዓል ቤት ስትሄድ ነው። ወይዘሮ ሸጋዬ ጓሮ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። እስክትጨርስ ሰሟት።

«እንግዲያ እኔ ነኛ የገደልኋቸው?» አሉ።

«አልገደልሽም እማ። ሳታውቂው የተሸከምሽው ነው። አንችም ከእናትሽ ነው የወረስሽው።»

«ሙሉሰውን በየማለዳው ስረግም ነው የኖርሁ። ልጁ ሞተ ሲሉኝ ሰምቸ እሰይ ብያለሁ። አሁን በየት በኩል ልዙር?» በርበሬውን መቀነጠስ አልተዉም፤ ጣቶቻቸው ግን ዘንጉንም ፍሬውንም አንድ ላይ እየጣሉ ነበር። «አባትሽ እንዳይሰማ። እናኑም እንዳትሰማ። ብታወጭው የጠባሽው ጡቴ ይፋረድሽ።»

ያምሮት ክፍል ውስጥ ተከራክራ የተጨበጨበላት ቃል ራሱ ከእናቷ ወገን ነበር። «እሺ እማ» አለች። ከዚያች ቃል በኋላ ስለራሷ ውጤት እንኳ ለማንም ሳትናገር ሰነበተች።

እናኑ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። ከሁለተኛው ወንድሟ ሞት በኋላ የተወለደች፣ ቡሬ ከተማ ሒሳብ የምታስተምር፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ። ይህች ልጅ ከሰው ሁሉ መርጣ ምስክር የሚባል የእርሻ ባለሙያ ወደደች። ምስክር የአቶ ሙሉሰው የልጅ ልጅ ነው። ይህ የተሰማ ዕለት ቤቱ ተናወጠ። እናኑ ግን፣ «እኔ የተወለድሁት ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ቂማችሁን አትስጡኝ» ብላ ፍንክች አልል አለች። ሽማግሌዎች ገቡ፤ ተመላለሱ፤ በመጨረሻም መጀመሪያ እርቅ ይውረድ፣ ከዚያ ጋብቻው ይቀጥላል ተባለ። አቶ ቢሰጥ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ ለዘቡ። እርጅናም ይሆናል፤ ቂም መሸከሙም ሰልችቷቸው ይሆናል። አገሩ ሁሉ ደስ አለው። በአገሩ ውስጥ ደስ ያላላቸው ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ።

ያምሮት እናቷን ለመነች። አንድ ጊዜ አይደለም፤ እስኪሰለቿት ለመነች። እናኑ ተሸካሚ ከሆነች ከሚወለዱላት ወንዶች ግማሹ በሽታው ሊኖርበት እንደሚችል፣ ቀድሞ ከታወቀ ግን ልጁን ምላጭ ሳይነካው ሆስፒታል መድኃኒት ተዘጋጅቶለት እንደሚኖር አስረዳች። ካልታወቀስ? ካልታወቀ ስምንተኛው ቀን ይመጣል።

«ለሷ አልደረሳት ይሆናል» ይላሉ ወይዘሮ ሸጋዬ።

«ይሆናል። ደርሷትም ይሆናል።»

«እንግዲያ ለእግዜር እንተወው።»

ያምሮት ፍኖተ ሰላም ተመልሳ በሯን ዘግታ አለቀሰች። በአንድ በኩል እናቷ፣ በሌላ በኩል ሙያዋ፣ ከፊቷ ደግሞ ገና ያልተወለደ ልጅ ነበር። በየትም ብትሄድ አንዱን ረግጣ ነው። አንድ ጊዜ፣ እናኑን «ከሠርግ በፊት የሚደረግ ምርመራ» ብላ ጠርታ ደሟን በዘዴ ልትወስድ አሰበች። ስልኩን አነሣች፤ እናኑም «ሄሎ እታለም!» አለቻት። ያምሮት ስለ ቀሚስ ጨርቅ አወራችና ዘጋች። የሰውን ደም በውሸት መውሰድ ሌብነት መሆኑ ራሷ ሆስፒታሉ ውስጥ ለሚለማመዱ ተማሪዎች የምታስተምረው ነገር ነው።

የእርቁ ቀን ደረሰ። በአቶ ቢሰጥ ደጅ፣ ከትልቁ ዋንዛ ሥር ሽማግሌዎች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን ተቀመጡ። የቤተሰቡ የንስሐ አባት መስቀላቸውን ይዘው መሃል ቆሙ። አቶ ሙሉሰው ከአጥሩ በኩል መጡ። ያምሮት በልጅነቷ የሚያስፈራ ግዙፍ ሰው አድርጋ ነበር በልቧ የሣለቻቸው። የመጡት ግን ቀጭን፣ የጎበጡ ሽማግሌ ናቸው። እንደ ደንቡ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ምስክር ከኋላ ሊደግፋቸው ሲል በክርናቸው መለሱት። ከአቶ ቢሰጥና ከወይዘሮ ሸጋዬ ፊት ሲደርሱ ተንበረከኩ።

«የሁለት ልጆቻችሁ ደም አለብኝ» አሉ። «እጀ እንዴት እንደሳተ እስከዛሬ አላውቅም። ሌት ተቀን አስቤ አላገኘሁትም። ብቻ በኔ እጅ ነው የጠፉ። ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ።»

ያምሮት መሬቱን አየች። ምንም ያላጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት ሲለምን ዝም ብሎ ማየት ምን እንደሚመስል ያላየው አያውቀውም።

«ይቅር ለእግዜር በሉ» አሉ ቄሱ።

«ይቅር ለእግዜር» አሉ አቶ ቢሰጥ።

ተራው የወይዘሮ ሸጋዬ ሆነ። ሴትዮዋ ቆዩ። ሰው ሁሉ ሐዘናቸው ተቀስቅሶባቸው ነው ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። በመጨረሻ በማይሰማ ድምፅ፣ «ይቅር ለእግዜር» አሉ። ድንጋዩ ወረደ። እልልታው ቀለጠ።

አቶ ቢሰጥ እጃቸውን አነሡና ሰውን ጸጥ አሰኙ። «አያ ሙሉሰው» አሉ፣ «ይቅርታየ የአፍ እንዳይመስልህ። እናኑና ምስክር ወንድ ልጅ ሲወልዱ የምትገርዘው አንተ ነህ። ሌላ ሰው አይነካውም። ስምህን ያጠፋነው እኛ ነን፤ የምንመልስልህም እኛ ነን።»

ቄሱ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። በዚያ አገር ሰው ከዚህ የበለጠ ደግነት ሲናገር ተሰምቶ አይታወቅም። አቶ ሙሉሰው ሁለቱን እጆቻቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እናኑም ከሴቶቹ መሃል እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ያምሮት እናቷን አየች። እናቷም እሷን አዩ፤ ወዲያው ግን ዓይናቸውን ሰበሩ።

ያምሮት ተነሣች። የእናቷን ልትናገር አትችልም፤ ቃል ሰጥታለች። የራሷ ግን የራሷ ነው፤ ለዚያ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም። ይህ ብልሃት ብቻ እንደሆነ ታውቀዋለች። ከሷ ወደ እናቷ መቁጠር ማንንም አይቸግርም።

«አባ፣ አንድ ነገር ልናገር። ስለራሴ ነው» አለች። ሴት በእርቅ መሃል አትናገርም፤ ዶክተር ስለሆነች ዝም አሏት። «እኔ ደም የማይረጋበት በሽታ ተሸካሚ ነኝ። ተመርምሬ ነው የማውቀው። እኔን አያመኝም። ወንድ ልጅ ብወልድ ግን ሊይዘው ይችላል፤ ከያዘው ደግሞ በስምንተኛው ቀን ምላጭ ሲነካው ደሙ አይቆምም። ማንም ቢገርዘው አይቆምም። የገራዥ እጅ አይደለም።»

ከዚህ ቀን በኋላ ለሷ ሽማግሌ የሚልክ ቤት እንደማይኖር ገባት፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። የሚገርመው ያ ያን ያህል አላስፈራትም። ያስፈራት የአባቷ ፊት ነው።

«ከማን መጣብሽ?» አሉ አቶ ቢሰጥ።

«እኔ የራሴን ነው የተናገርሁ አባ።»

«ከማን ነው የምልሽ?»

«ከኔ ነው» አሉ ወይዘሮ ሸጋዬ። ተነሡና ከአቶ ሙሉሰው እግር ሥር ተደፉ። «ከኔ ነው አያ ሙሉሰው። ካወቅሁ ሰንብቻለሁ። አሁን እንኳ ይቅር ለእግዜር ስልህ እያወቅሁ ነው።»

አቶ ሙሉሰው ሊያነሷቸው እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ከዚያ ወደ ያምሮት ዞሩ።

«እና ይኸ እጀ…?»

«እጅዎ ምንም አላጠፋም።»

ደስ ይላቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን እያገላበጡ ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። «ሁለቱ ልጆቸ ሞተዋል እኮ» አሉ። «የአራጅ ልጅ እንደተባሉ ነው የሞቱ። ለነሱ ማን ይነግርልኛል?»

አቶ ቢሰጥ ማንንም ሳያዩ ወደ በቆሎው ማሳ ሄዱ። የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች «ተመካክረን እንመለሳለን» ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ ከመሃላቸው ያልተነሣው ምስክር ብቻ ነበር። እናኑ ግን እሱን አላየችውም። የምታየው ያምሮትን ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ካቻምና።»

«ስለ ቀሚስ ስታወሪኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እናኑ ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች።

ያምሮት ፍኖተ ሰላም ገብታ ሥራዋን ቀጠለች። ስልክ ስትደውል እናኑ አታነሣም። በሳምንቱ ግን፣ ከቡሬ በሚመጣው የጧት ሚኒባስ ሳይሆን አይቀርም፣ እናኑ በሩን ከፍታ ገባች። ሳትቀመጥ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ደሜን ውሰጅ» አለች።

ያምሮት ለሌላ ሰው እንደምታደርገው ሁሉን አስረዳቻት፤ ምን እንደሚመረመር፣ ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ደሙ አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ ሲከፈት ስለሆነ ጊዜ ሊፈጅ እንደሚችል። እናኑ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ምስክርስ ምን አለሽ?» አለች ያምሮት።

«ቢኖርብሽም አገባሻለሁ አለ። ሳልጠይቀው።»

«እሰይ!»

«ምኑ ነው እሰይ? እሱ ወስኗል፤ እኔ አልወሰንሁም።» እናኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «አሁን ስሚኝ። ውጤቱን የምትነግሪው ለኔ ብቻ ነው። ለአባ የለም። እማ እግርሽ ላይ ብትወድቅም የለም። ምስክር መጥቶ ቢያለቅስብሽም ምንም አታውቂም። መናገር ካለብኝ እኔ እናገራለሁ፤ ካልፈለግሁም አልናገርም። ለእማ ዝም ብለሽላት የለ? ለኔም ዝም በይ። ማይልኝ።»

ያምሮት ጎማውን አነሣችና በእህቷ ክንድ ላይ አሰረችው። ምስክር ነገ ይደውላል። እናቷ ቅዳሜ ገበያ ብለው ይመጡና እዚያች ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አባቷ አይጠይቁም፤ ፊቷን ብቻ ነው የሚያዩት፤ እሱ ከሁሉም ይከፋል።

«ማይልኝ አልሁሽ» አለች እናኑ።

«እሺ» አለች ያምሮት፤ ማለችላትና መርፌውን አወጣች።